የጠፋው ሙቀት የት ገባ? የአልኮልና የላምባ እሳት ሲሰላ

የመሰናዶ ተማሪ ሳለን አንድ ቀን የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ገባን። ለአራት ሰው አንድ የአልኮል (ኢታኖል) ኩራዝ፣ አንድ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ እና አንድ ቴርሞሜትር ደረሰን። ሥራው ቀላል ነው። ቆርቆሮው ውስጥ 200 ግራም ውሃ ይጨመራል። ኩራዙ ይመዘናል፣ ይለኮሳል፣ ከቆርቆሮው ስር ይቀመጣል። ውሃው 25 ዲግሪ ሲጨምር እሳቱ ይጠፋና ኩራዙ እንደገና ይመዘናል። የቀረው የሂሳብ ሥራ ነው።

እኛ ያገኘነው ከነደደው አልኮል በግራም 13.8 ኪሎጁል ሙቀት ነበር። መጽሐፉ ደግሞ 29.7 ይላል። ግማሹን እንኳ አልሞላም። የላቦራቶሪው ረዳት ወረቀታችንን አየና «ቁጥሩን አስተካክላችሁ አምጡ» አለን። አስተካከልን። የነደደውን አልኮል በወረቀት ላይ ቀነስንና 28 ምናምን አስመስለን አስረከብን። ሙሉ ነጥብ ተሰጠን።

ይህ ነገር ዛሬም ይቆጨኛል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ትልቁን ነገር የሚናገረው ያ የሰረዝነው 13.8 ነበር። ከእሳቱ ምን ያህሉ ውሃው ላይ እንደደረሰ፣ ምን ያህሉ ሌላ ቦታ እንደሄደ የሚያሳየው እሱ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ «ላምባ ይሻላል ወይስ ኢታኖል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው መልስም እዚያው ውስጥ አለ። ስለዚህ ነገሩን ከስሩ እንየው።

መጀመሪያ አንድ የቋንቋ ነገር ላንሳ። በአማርኛ «ሙቀት» ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን። አንዱ ቴርሞሜትር የሚያሳየው ነው፤ መጠነ ሙቀት ይባላል፣ በዲግሪ ይለካል። ሌላው ራሱ ሙቀቱ ነው፣ ማለትም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው ኃይል፣ በጁል የሚለካው። የክብሪት እሳት ከአንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ይልቅ መጠነ ሙቀቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ገላችሁን የምትታጠቡት ግን በባልዲው ውሃ ነው፤ ብዙ ጁል የያዘው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ዲግሪ ስል የመጀመሪያውን፣ ሙቀት ስል ሁለተኛውን ማለቴ ነው።

ውሃ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ባህሪው ስለሚታወቅ ነው። 1 ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 4.18 ጁል ይፈጃል። ስለዚህ የውሃውን ክብደት በ4.18 አባዝቶ፣ ውጤቱን በጨመረው ዲግሪ እንደገና ማባዛት ነው። የእኛ ስሌት እንዲህ ነበር። 200 × 4.18 × 25 = 20,900 ጁል። ለሺህ ሲካፈል 20.9 ኪሎጁል። ኩራዙ ከመለኮሱ በፊት 186.42 ግራም ነበር፣ ከጠፋ በኋላ 184.91። የነደደው 1.51 ግራም ነው። 20.9ን ለ1.51 ስናካፍል 13.8 ኪሎጁል በግራም ይመጣል። ስሌቱ ላይ ስህተት የለም።

ታዲያ ቀሪው የት ገባ? ብዙ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቆርቆሮውን ነው። እሱም ሞቋል እኮ! ግን እናስላው። የብረት ቆርቆሮው 50 ግራም ቢመዝን፣ 1 ግራም ብረት በ1 ዲግሪ ለመሞቅ የሚፈልገው 0.45 ጁል ብቻ ነው። 50 × 0.45 × 25 ወደ 560 ጁል ይሆናል፣ ግማሽ ኪሎጁል ገደማ። ይህን ብንጨምርለት ውጤቱ ከ13.8 ወደ 14.2 ከፍ ይላል። ቆርቆሮው የወሰደው ይህችን ብቻ ነው።

ዋናው ተጠያቂ አየር ነው። እጃችሁን በእሳቱ ዙሪያ፣ ከቆርቆሮው ጎንና ጎን ብታደርጉ ትኩስ አየር ሽቅብ ሲነጉድ ይሰማችኋል። ያ ሁሉ የተከፈለበት ሙቀት ነው። ሌላም አለ። የቆርቆሮው ቂጥ ላይ የተለጠፈው ጥቂት ጥቀርሻ ሳይነድ የቀረ ካርቦን ነው፣ ሙቀቱን ሳይሰጥ የተረፈ። ኩራዙ ራሱ ሲሞቅ ደግሞ አልኮሉ ከክሩ ላይ ሳይነድ ይተናል። ሚዛኑ ላይ እንደነደደ ይቆጠራል፣ ውሃው ግን ምንም አላገኘም። እሳቱ እንደጠፋ ኩራዙን ወዲያው መክደን ያለብን ለዚህ ነው። እኛ ያን ቀን ክፍቱን ይዘነው ሚዛን ወረፋ ቆመን ነበር።

በቆርቆሮውና በእሳቱ ዙሪያ ከሌላ ቆርቆሮ የተቆረጠ የንፋስ መከለያ ቢደረግ፣ ውሃው ቢከደንና ቢማሰል ውጤቱ ወደ 20 ይጠጋል። ከዚያ በላይ መውጣት ግን በቆርቆሮ ይከብዳል።

መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የሚገኘው በሌላ ዕቃ ነው። ቦምብ ካሎሪሜትር ይባላል። ወፍራም የብረት ዕቃ ነው፣ ውስጡ ከአየር ግፊት 30 እጥፍ ገደማ በሆነ ንጹህ ኦክስጅን ይሞላል። ነዳጁ ውስጡ ተቀምጦ በኤሌክትሪክ ይለኮሳል። ዕቃው በሙሉ ውሃ ውስጥ የተነከረ ነው። ነዳጁ በውሃ የተከበበ ዕቃ ውስጥ ተዘግቶ ስለሚነድ ሙቀቱ ወደ ውሃው ከመሄድ ሌላ ማምለጫ የለውም፤ ኦክስጅኑም ስለሚበዛ ጥቀርሻ አይተርፍም። ይህን ዘዴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፓሪስ ላይ ያዳበረው ማርሴላን ቤርተሎ ነው። ዛሬም ላቦራቶሪዎች ዕቃቸውን የሚፈትሹት ሙቀቱ በትክክል በሚታወቅ ቤንዞይክ አሲድ ነው፤ 1 ግራሙ 26.43 ኪሎጁል ይሰጣል። ይህ ካልመጣ ዕቃው ላይ ችግር አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንሂድ። ክብሪት ሳይጫር የኢታኖልን ሙቀት ማስላት ይቻላል፣ ለእኔም ከኬሚስትሪ ሁሉ ደስ የሚለኝ ክፍል ይሄ ነው።

አንድ የኢታኖል ሞለኪውል ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅን እና አንድ ኦክስጅን አለው። ሲነድ ከሦስት የኦክስጅን ሞለኪውሎች ጋር ይገናኝና ሁለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እና ሦስት ውሃ ይሰጣል። 1 ሞል ኢታኖል 46 ግራም ነው። ሞል ማለት የኬሚስቶች «ደርዘን» ነው በሉት፤ ቁጥሩ ግዙፍ ስለሆነ በግራም ይመዘናል።

የመጀመሪያው ዘዴ የሄስ ሕግ ነው። ጀርሜን ሄስ ሴንት ፒተርስበርግ ሆኖ በ1840 ያወጣው ሕግ ነው። ሐሳቡን አዲስ አበባ ላይ ላስረዳ። ከፒያሳ ተነስታችሁ እንጦጦ ማርያም ብትወጡ፣ በሽሮ ሜዳ ሄዳችሁም ዞራችሁም፣ የወጣችሁት ከፍታ አንድ ነው። ሙቀትም እንደዚያ ነው። ዋናው መነሻውና መድረሻው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነገር ከመሠረታዊ ንጥረ ነገሮቹ ሲሠራ የሰጠው ሙቀት በሰንጠረዥ ካለ መደመርና መቀነስ በቂ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሞል 393.5 ኪሎጁል፣ ፈሳሽ ውሃ 285.8፣ ኢታኖል 277.7 ሰጥተው ነው የተሠሩት። ሁለት ጊዜ 393.5 እና ሦስት ጊዜ 285.8 ሲደመር 1,644.4። ከዚህ ላይ ኢታኖሉ ሲሠራ ቀድሞ የሰጠውን 277.7 ስንቀንስ 1,366.7 ይቀራል። ለ46 ሲካፈል 29.7። የመጽሐፉ ቁጥር ይኸው።

ሁለተኛው ዘዴ በቦንድ፣ ማለትም አቶሞችን እርስ በርስ በሚያያይዘው ትስስር ነው። እዚህ ላይ አንድ ሥር የሰደደ ስህተት መነቀል አለበት። ብዙ ሰው «ቦንድ ሲሰበር ኃይል ይወጣል» ይላል። ፈተና ላይም ጽፎት ይመጣል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቦንድ ለመስበር ኃይል ይከፈላል። ኃይል የሚገኘው አዲስ ቦንድ ሲሠራ ነው። ክብሪት የምንጭረውም የመጀመሪያዋን ክፍያ ለመክፈል ነው፤ ከዚያ በኋላ ግብይቱ ራሱን ይችላል።

ወጪውን እንቁጠር። ኢታኖል ውስጥ አምስት የካርቦንና ሃይድሮጅን ቦንዶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 413 ኪሎጁል ያስከፍላሉ፣ 2,065። አንድ የካርቦንና ካርቦን 347። አንድ የካርቦንና ኦክስጅን 358። አንድ የኦክስጅንና ሃይድሮጅን 464። ሦስቱ የኦክስጅን ሞለኪውሎች በ498 ሂሳብ 1,494። ጠቅላላ ወጪ 4,728። ገቢው ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ያሉት አራት ጥንድ ቦንዶች በ805 ሂሳብ 3,220፣ ውሃ ውስጥ ያሉት ስድስቱ በ464 ሂሳብ 2,784። ድምሩ 6,004። ትርፉ 1,276 ኪሎጁል ነው።

ቆይ! ቅድም 1,367 ነበር። 91 ኪሎጁል ጠፋ። ብዙ አስጠኚዎች እዚህ ላይ «የቦንድ ቁጥሮች አማካይ ስለሆኑ ነው» ብለው ያልፋሉ። እርግጥ ቁጥሮቹ አማካይ ናቸው፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍም ትንሽ ይለያያሉ። ይህን ጉድለት ግን የሚያብራራው ሌላ ነገር ነው። የቦንድ ሂሳብ ሁሉንም ነገር እንደ ጋዝ ነው የሚቆጥረው። በእውኑ ኢታኖሉ ፈሳሽ ስለሆነ መጀመሪያ መትነን አለበት፤ ይህ በሞል 42 ኪሎጁል ይወስዳል። በሰንጠረዡ ላይ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው ውሃ ፈሳሽ ነው። እንፋሎት ወደ ውሃ ሲመለስ በሞል 44 ይሰጣል፣ ሦስቱ 132። 1,276 ሲደመር 132፣ ሲቀነስ 42፣ 1,366። ቁልጭ ብሎ ገጠመ! ይህን መጀመሪያ በእጄ ያሰላሁ ቀን ወረቀቱን ይዤ ቤት ውስጥ ስንጎራደድ ነበር።

ይህ የእንፋሎት ጉዳይ የፈተና ጣጣ ብቻ አይደለም። ኪስ ይነካል። ከምድጃ የሚወጣው ውሃ እንፋሎት ሆኖ በመስኮት ይሄዳል፣ የያዘውን ሙቀትም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ለማብሰያ ስናሰላ 1,367ን መውሰድ ራስን ማታለል ነው። 132ቱን ቀንሰን 1,235 እንይዛለን፣ በግራም 26.8 ኪሎጁል። መሐንዲሶች የመጀመሪያውን ላዕላይ፣ ሁለተኛውን ታህታይ የሙቀት ዋጋ ይሉታል። አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች የቤት ማሞቂያ ቦይለር ሲሸጥ «ብቃቱ ከ100 በመቶ በላይ» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ይሆናል። ተአምር አይደለም። እንፋሎቱን መልሶ ውሃ እያደረገ ያንን ሙቀት ይሰበስባል፣ ብቃቱ ግን የሚሰላው በታህታዩ ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ነዳጅ ይህን ያህል ሙቀት አለው» ሲላችሁ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት።

ሌሎቹ አልኮሎችስ? ሜታኖል 726 ኪሎጁል በሞል፣ ኢታኖል 1,367፣ ፕሮፓኖል 2,021፣ ቡታኖል 2,676። ልዩነታቸውን ተመልከቱ፤ 641፣ 654፣ 655። አንድ ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን በተጨመረ ቁጥር 650 ገደማ ይጨምራል። እንግዲህ አምስት ካርቦን ያለውን ፔንታኖል ሳትለኩ ገምቱ። 2,676 ሲደመር 655፣ 3,331። ተለክቶም የተገኘው ይኸው ነው። በግራም ሲታይ ግን ጭማሪው እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ 22.7፣ 29.7፣ 33.6፣ 36.1። ላምባ በዚሁ አለካክ 46 ገደማ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ነው የጎረቤቴ ጥያቄ የሚገባው። እኛ ሰፈር አንዲት እናት የኢታኖል ምድጃ አላቸው። አንድ ጠዋት አስቆሙኝና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከላምባው ቶሎ ያልቅብኛል። እየቀላቀሉ እያጭበረበሩኝ ይሆን?» አሉኝ። «አይ እትዬ፣ ተፈጥሮው ነው» አልኳቸው። ማብራሪያው እንዲህ ነው።

በ1917 ቶርንተን የሚባል እንግሊዛዊ አንድ ነገር አስተዋለ። ነዳጁ ምንም ይሁን ምን፣ ሲነድ ለሚወስደው ለእያንዳንዱ ግራም ኦክስጅን የሚሰጠው ሙቀት ተቀራራቢ ነው፤ በታህታይ ዋጋ 13 ኪሎጁል አካባቢ። ኢታኖልን እንይ። በሞል 1,235 ኪሎጁል፣ የሚወስደው ኦክስጅን 96 ግራም። ሲካፈል 12.9። ዛሬ የሶፋና የፍራሽ ቃጠሎ የሚፈትሹ ላቦራቶሪዎች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። የእሳቱን ሙቀት በቀጥታ ከመለካት ይልቅ ጢሱ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደጎደለ ይለካሉ።

በዚህ ዓይን አልኮልን ስታዩት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። አልኮል ገና ከመነሻው ኦክስጅን የያዘ ነዳጅ ነው፤ በከፊል የነደደ ያህል ነው። 1 ግራም ኢታኖል ከአየር የሚወስደው 2.1 ግራም ኦክስጅን ብቻ ነው። 1 ግራም ላምባ ግን 3.4 ገደማ ይወስዳል። ብዙ ስለሚወስድ ብዙ ይሰጣል፣ በታህታይ ዋጋ በግራም ወደ 43 ኪሎጁል። የአልኮል እሳት ድስት የማያጠቁረውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ኦክስጅኑን ከፊሉን ይዞ ስለመጣ፣ ካርቦኑም ትንሽ ስለሆነ፣ ሳይነድ የሚቀር ነገር አይበዛውም። ላምባ አየር ትንሽ ሲያጥረው ወዲያው ጥቀርሻ ይተፋል።

ሱቅ ውስጥ የምንገዛው ግን በሊትር ነው እንጂ በግራም አይደለም። 1 ሊትር ላምባ 800 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ 35 ሜጋጁል ያህል ይዟል። 1 ሜጋጁል 1,000 ኪሎጁል ነው። 1 ሊትር ንጹህ ኢታኖል 789 ግራም ነው፣ 21 ሜጋጁል። ቤንዚን 32፣ ናፍጣ 36 አካባቢ።

የምድጃ ኢታኖል ደግሞ ንጹህ አይደለም፣ ትንሽ ውሃ አለበት። ፋብሪካ አፍልቶ በማንጠር ብቻ ከ95 ወይም 96 በመቶ በላይ መሄድ አይችልም፤ የቀረችው ውሃ ከአልኮሉ ጋር አብራ ትተናለች። ይህን ስናስብ በግራም ወደ 25 ኪሎጁል፣ በሊትር 20 ሜጋጁል ይወርዳል። የላምባውን 35 ለዚህ 20 ብታካፍሉት አንዱ የላምባ ሊትር 1.75 ሊትር ኢታኖል ያህል ነው። ስለዚህ ላምባ በሊትር 100 ብር ቢሆን፣ ምድጃዎቹ እኩል ቢሠሩ፣ ኢታኖሉ ከ57 ብር ካልዘለለ ነው ለኪስ የሚያዋጣው። ዋጋው ምንም ይሁን ምን ይህን ንጽጽር በአሁኑ ዋጋ ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ውሃ ነገር ካነሳን 70 በመቶ ሳኒታይዘርን እንውሰድ። ሰው «ውሃው ነው እሳቱን የሚገድለው» ይላል። 100 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 55 ግራም ኢታኖልና 33 ግራም ውሃ አለ። ኢታኖሉ ወደ 1,480 ኪሎጁል ይሰጣል። ውሃውን ለማትነን የሚሄደው 80 ብቻ ነው። እሳቱ ያነሰው በዋናነት አልኮሉ ራሱ ስላነሰ ነው። እየነደደ ሲሄድ ግን አልኮሉ ቀድሞ ያልቃል፣ ውሃው ድርሻው ይበዛል። ዳግም አረቄ ሳህን ላይ ጠብ አድርጎ ክብሪት የለኮሰ ሰው ይህን አይቶታል። ሰማያዊዋ እሳት ትንሽ ትደንስና ሳህኑ ሳይደርቅ ድርግም ትላለች።

ስለዚያች ሰማያዊ እሳት በጣም ጠበቅ አድርጌ የምለው ነገር አለ። የአልኮል እሳት በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። የሜታኖል ደግሞ ጭራሽ። ሰው «ጠፍቷል» ብሎ ከጀሪካን ሲጨምርበት እሳቱ ተመልሶ ወደ ጀሪካኑ ይገባል። የነደደ ምድጃ ወይም ኩራዝ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አልኮል አይጨመርበትም። በምንም ምክንያት! ሜታኖል ከዚህ ሌላ መርዝ ነው። ትንሹ እንኳ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ልጆች ባሉበት ቤት የነዳጅ አልኮል በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥም።

ኢታኖል ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ፊንጫአና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከስኳር ምርት ከሚተርፈው ሞላሰስ ያወጡታል። በቀብሪበያህ የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ በኢታኖል ምድጃ ሲበሰል ቆይቷል፤ እናቶች እንጨት ፍለጋ ሩቅ መሄድ እንዲቀርላቸው። አዲስ አበባ ላይም በ2008 እ.ኤ.አ. 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀመረ፣ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ያኔ ሹፌሮች «ቤንዚኑ ቶሎ ያልቃል» ይሉ ነበር። ስሌቱ ምን ይላል? 40 ሊትር ንጹህ ቤንዚን 1,280 ሜጋጁል ነው። 36 ሊትር ቤንዚንና 4 ሊትር ኢታኖል ደግሞ 1,236። ልዩነቱ 44 ሜጋጁል፣ ከ3 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከአንድ ሊትር ተኩል ቤንዚን በታች። ሹፌሮቹ እውነት ነበራቸው፤ ጉድለቱ ግን ትንሽ ነው። ከዚያ የበዛ ከጠፋ ሞተሩን ወይም መንገዱን ማየት ነው።

ወደ እትዬ ቤት ልመለስ። እውነተኛው ጥያቄ ከ25ቱ ኪሎጁል ስንቱ ድስቱ ውስጥ ይገባል የሚለው ስለነበር «እንለካው» አልኳቸው። ቅመም የሚመዝኑበት ዲጂታል ሚዛን አላቸው። የምድጃውን የነዳጅ ቆርቆሮ ቀዝቃዛ ሳለ መዘንን። በአሉሚኒየም ድስት 1 ሊትር የቧንቧ ውሃ ጣድን። ውሃው 18 ዲግሪ ነበር። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ጭማሪው 74 ዲግሪ ነው። 1,000 × 4.18 × 74 ወደ 309 ኪሎጁል። ምንም ሙቀት ባይባክን 12.4 ግራም ኢታኖል በበቃን ነበር።

ውሃው ሲንተከተክ አጠፋን። ቆርቆሮው እስኪቀዘቅዝ ተከድኖ ጠበቅን፣ በዚያው ቡና ጠጣን። ሲመዘን 27 ግራም ጎድሏል። 27 በ25 ሲባዛ 675 ኪሎጁል። 309ን ለ675 ስናካፍል 46 በመቶ ነው። ያ የትምህርት ቤቱ ቁጥር ትዝ አለኝ፤ እሱም 13.8ን ለ29.7 ቢያካፍሉት 46 በመቶ ነበር።

ምድጃው የተቀመጠው ክፍት መስኮት ስር ነው። ድስቱም አልተከደነም ነበር። 400 ግራም የሚመዝነው ድስት ለራሱ 27 ኪሎጁል ወስዷል፤ ከባድ ድስት እንደ ቆርቆሮው ቸል አይባልም። ምድጃውን ወደ ጥግ አዛወርነው። መስኮቱን አልዘጋነውም፣ እሳት ባለበት ቤት አየር መግባት አለበት። ድስቱን ከድነን ሌላ 1 ሊትር፣ በዚያው ዲግሪ፣ ጣድን። በዚህኛው 22 ግራም ነደደ። 309 ለ550፣ 56 በመቶ።

እትዬ ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን አዩዋቸው። 27 እና 22። ከዚያ ቀና ብለው መስኮቱን ተመለከቱ።

«በል ተወው» አሉኝ፣ «ሲጠጣብኝ የከረመው እሱ ነዋ!»